ኖራ ራስ ወዳድ ናት? ስለ «ዘ ፕላው ኤንድ ዘ ስታርስ» በስህተት የሚባሉ ነገሮች

በ1916 (እ.ኤ.አ.) በፋሲካ ሰሞን ደብሊን ላይ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ አመፅ ተነሳ። የዳይሬክተር ጆን ፎርድ የ1936 ፊልም «ዘ ፕላው ኤንድ ዘ ስታርስ» ይህ አመፅ አንድ ትዳር ውስጥ ሲገባ ያሳየናል። ባልየው ጃክ ከአማፂያኑ ጋር ነው። ሚስቱ ኖራ ደግሞ እንዳይሄድባት የማትሆነው የለም።

«ታሪኩ ለፊልም የተጻፈ ነው»

አይደለም። የሾን ኦኬዚ ተውኔት ነው፤ በ1926 ደብሊን በሚገኘው አቢ ቴአትር ሲታይ ረብሻ አስነስቷል። ከተቃዋሚዎቹ አንዷ ሃና ሺሂ ስኬፊንግተን ነበረች። ባሏ በዚያው የአመፅ ሳምንት፣ መሣሪያ ሳይዝ፣ በእንግሊዝ መኮንን ትእዛዝ ተረሽኗል። ቁጣዋን አቃልሎ ማየት ተገቢ አይመስለኝም።

«ፊልሙ እንዳለ የፎርድ ነው»

ፎርድ ጨርሶ ከሄደ በኋላ ስቱዲዮው ጃክና ኖራ ያልተጋቡ ፍቅረኛሞች እንዲመስሉ ትዕይንቶችን በሌላ ሰው አስቀረፀ። የታሪኩ አንጀት ትዳሩ ነው፤ እሱን አውጥተው ምን ሊቀራቸው!

«ኖራ ራስ ወዳድ ናት»

ይሄኛው ያንገበግበኛል። በተውኔቱ ኖራ ጃክ አዛዥ ሆኖ መሾሙን የሚገልጸውን ደብዳቤ ደብቃ አቃጥላዋለች። ጃክ ይህን ሲያውቅ በንዴት ጥሏት ይሄዳል። ተመልካቹም እዚያው ይፈርድባታል። ግን ጃክን ደግሞ እንየው። ሻምበል እሆናለሁ ብሎ እርግጠኛ ስለነበር የመኮንን ቀበቶ ገዝቶ፣ ታጥቆ በር ላይ እየቆመ ሲታይ የከረመ ሰው ነው። ሻምበል ሳይሆን ሲቀር ነው አኩርፎ ቤቱ የተቀመጠው። ኖራ ነፍሰ ጡር ሆና በየምሽጉ ስትፈልገው ያደረችው ለራሷ ብላ ነው? ተዋጊዎቹ ፈርተዋል፤ መፍራታቸውን ለመናገርም ይፈራሉ። ይህን አይታ ደፍራ የተናገረችው እሷ ናት።

«ደብሊን በሙሉ ከአማፂያኑ ጎን ነበር»

መጀመሪያ ላይ አልነበረም። የብዙ ሴቶች ባልና ልጅ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ይዋጋ ነበር። እንደነሱ ያሉ ሴቶች አማፂያኑን መንገድ ላይ ሰድበዋቸዋል። የሕዝቡ ልብ የዞረው በግንቦት እንግሊዞች የአመፁን መሪዎች መረሸን ሲጀምሩ ነው። ከመሪዎቹ አንዱን፣ የቆሰለውን ጄምስ ኮኖሊን፣ ወንበር ላይ አስረው ነው የረሸኑት።

በአመፁ ሳምንት ካለቁት ከ450 በላይ ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ሲቪሎች ናቸው። የኖራ ጎረቤት ቤሲም ልጇ የእንግሊዝ ወታደር ነው። በተውኔቱ ግን ኖራን ከመስኮት ልታርቅ ስትታገል አልሞ ተኳሽ መስላቸው የገደሏት የእንግሊዝ ወታደሮች ናቸው።