የለጋ ዕድሜ ጭንቀት፦ በሰውነት ክፍሎችና በመንፈስ ላይ የሚተወው

የለጋ ዕድሜ ጭንቀት ከፅንስነት እስከ መጀመሪያዎቹ የልጅነት ዓመታት የሚደርስ ከባድ ጫና ነው። ረሃብ፣ ከእናት መለየት፣ ድብደባ፣ ችላ መባል እዚህ ይገባሉ። ብዙ ሰው ነገሩን የሥነ ልቦና ጉዳይ ብቻ ያደርገዋል። ጉበትም፣ ቆሽትም፣ ልብም ግን ድርሻ አላቸው።

አንጎል አደጋ ሲሸተው ከኩላሊት በላይ ለተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች መልእክት ይሰዳል። እነሱ ኮርቲሶል ይለቃሉ። ኮርቲሶል ጉበት ስኳር እንዲያመርት ያዛል፣ የጡንቻን ፕሮቲን ያፈርሳል፣ የኢንሱሊንን ሥራ ያዳክማል። ለመሮጥ ወይም ለመታገል ጥሩ ነው። ጫናው ካልበረደ ግን የደም ስኳር ከፍ እንዳለ ይከርማል፣ ስብም ሆድ ዕቃ ዙሪያ ይጠራቀማል።

በሰው ላይ የታየውን በተመለከተ የኔዘርላንድን የረሃብ ክረምት ያህል የተመዘገበ የለም ማለት ይቻላል። በሴፕቴምበር 1944 እ.ኤ.አ. ሀገሪቱ በናዚ ጀርመን እጅ እያለች የባቡር ሠራተኞች አድማ መቱ። ጀርመኖች በአጸፋው ወደ ምዕራቡ ክፍል ምግብ እንዳይገባ ከለከሉ። ምግብ የሚጓጓዝባቸው የውሃ ቦዮችም በብርዱ በረዶ ሆኑ። በአምስተርዳም የአንድ ሰው የቀን ራሽን በከፋው ወቅት ከ400 እስከ 800 ካሎሪ ወረደ። ሕዝቡ የቱሊፕ አበባ ሥር እየቀቀለ በላ። በሜይ 1945 ነፃነት ሲመጣ ምግቡም ተመለሰ።

ለተመራማሪ እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም። ረሃቡ የጀመረበትም ያበቃበትም ጊዜ ይታወቃል። የአምስተርዳሙ ዊልሄልሚና ሆስፒታል ደግሞ በዚያ ሁሉ መከራ መሐል መዝገቡን አላቋረጠም። የሕፃኑን ክብደት ብቻ ሳይሆን የእንግዴ ልጁን ጭምር መዝኖ ጽፏል። እነዚያ አዋላጆች ሊመሰገኑ ይገባል። በዚህ መዝገብ ከኖቬምበር 1943 እስከ ፌብሩዋሪ 1947 የተወለዱ 2,414 ሰዎች ተለይተው ጥናቱ ተጀመረ።

ውጤቱ እንደ እርግዝናው ወር ይለያያል። ረሃቡ በመጨረሻዎቹ ወራት የደረሰባቸው ክብደታቸው አንሶ ተወለዱ፤ ሲያድጉም ሰውነታቸው ስኳርን መቆጣጠር ከበደው። በመካከለኛዎቹ ወራት ያገኛቸው ላይ የኩላሊት ችግር ምልክት ታየ። የሚገርሙት ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት የተጎዱት ናቸው። ሲወለዱ ኪሏቸው ደህና ነበር፤ የልብ ሕመሙ በጉልምስና መጣ። በ2008 ደግሞ ረሃቡ በተፀነሱበት ሰሞን ከነበረ ሰዎች ደም ተወስዶ ከወንድም ከእህቶቻቸው ጋር ተነጻጸረ። ለእድገት በሚያገለግለው አይጂኤፍ 2 ጂን ላይ ያለው ኬሚካላዊ ምልክት ከ60 ዓመት በኋላም ቀንሶ ተገኘ።

በአእምሮ በኩል የስኪዞፍሬንያ (ከእውነታ የሚያራርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) መጠን በእጥፍ ገደማ ጨምሯል። ከባድ የስሜት መታወክም ተመዝግቧል። ይህ ከረሃቡ ነው ወይስ እናቶቹ ካሳለፉት ፍርሃትና ብርድ? የኔዘርላንዱ መረጃ ሁለቱን መለየት አይችልም።

አይጦች ላይ ግን መለየት ተችሏል። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ሻንበርግና ባልደረቦቹ የአይጥ ግልገሎችን ከእናታቸው ለዩ። የእድገት ሆርሞናቸው ወረደ፤ በአንጎልና በልባቸው ውስጥ ለእድገት የሚያስፈልግ ኢንዛይምም ቀነሰ። ጡቷ የታሰረ እናት ጋር ሲመለሱ፣ ወተት ባይኖርም እየላሰች ስለምታገላብጣቸው ኢንዛይሙ አልወረደም። እናትየዋ በማደንዘዣ ከተኛች ግን አጠገቧ መሆኑ አልረዳቸውም። ቆይቶ ተመራማሪዎቹ በረጠበ ብሩሽ ጀርባቸውን ጠበቅ አድርገው ሲያሹላቸው አካላቸው ተስተካከለ። ሞንትሪያል ውስጥ የማይክል ሚኒ ቡድን ደግሞ አብዝተው የተላሱ ግልገሎች አድገው ጭንቀት የማያሸንፋቸው መሆኑን አሳየ። አንጎላቸው ኮርቲሶልን «በቃ» የሚያሰኙ ተቀባዮች በብዛት ነበሩት።

በሀገራችን የ1977ቱ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ረሃብ በጨቅላነታቸው የደረሰባቸው የራያ ቆቦ ነዋሪዎች ላይ ጥናት ተሠርቷል።

ሕፃኑን ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ የሚያስተቃቅፈው የካንጋሮ እንክብካቤ የተጀመረው በኮሎምቢያዋ ቦጎታ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ቦጎታ ላይ እንዲህ ያደጉ ልጆች ከ20 ዓመት በኋላ ሲታዩ ጠበኝነታቸው ያነሰ ነበር። የኛው ጥቁር አንበሳም ቀድሞ ከሞከሩት አንዱ ነው። የሕፃናት ሐኪሞቹ በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ክብደታቸው ዝቅተኛ ከሆኑና ገና ሁኔታቸው ሳይረጋጋ ከታቀፉ ሕፃናት የሞቱት 22.5 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው እንክብካቤ ከቆዩት ደግሞ 38 በመቶ ሞተዋል።