ባለሙያ ጠፋ እየተባለ ሥራ አጥ ሐኪም? ስለ ጤናው ዘርፍ የሰው ኃይል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«እጥረቱ የሚፈታው በብዛት በማስመረቅ ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ገንዘብም የሚፈጀው ይኸው ነው። ማስተማር አንድ ውሳኔ ነው፣ መቅጠር ሌላ። የጤና ሚኒስቴር «ባለሙያ አጠረኝ» ቢልም የገንዘብ ሚኒስቴር ለሥራ መደቡ በጀት ካልያዘ፣ ተመራቂው ዲግሪውን ይዞ ቤቱ ይቀመጣል፣ ጤና ጣቢያውም ባዶውን ይቀራል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ሥራ የሚፈልጉ ብዙ ሺህ ነርሶች ነበሯት፤ የሆስፒታሎቿ ክፍት መደቦችም በሺዎች ይቆጠሩ ነበር። ሁለቱን ያላገናኘው የመንግሥት የደመወዝ ወጪ ገደብ ነው።

ሌላም አለ። ቅበላ በአንድ ጊዜ ሲያሻቅብ የማስተማሪያ ሆስፒታሉ አልጋ አብሮ አያድግም። አንዲት ወላድ ዙሪያ አሥር ተማሪ ቆሞ ሲያይ፣ በእጁ የሚያዋልደው ግን አንዱ ነው። የቀሩት ዘጠኙ የሚመረቁት አይተው ነው።

«ሐኪም ካልሆነ ጥራት የለም»

ሞዛምቢክ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሐኪም ያልሆኑ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን አሠልጥናለች። በኋላ በተደረገ ጥናት፣ በወረዳ ሆስፒታሎች ከሚደረገው የወሊድ ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን የሚሠሩት እነሱ ሆነው ተገኙ። ከተመረቁ ከሰባት ዓመት በኋላ 88 በመቶው አሁንም በወረዳ ሆስፒታሎች ይሠሩ ነበር፤ እዚያ ከተመደቡት ሐኪሞች አንድም አልቀረም። እርግጥ ይህ የሚሠራው ክትትልና ሪፈር የሚቀበል ሆስፒታል ሲኖር ነው።

«ደመወዝ ከተጨመረ ማንም አይለቅም»

ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማላዊ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ለጤና ባለሙያዎቿ የ52 በመቶ ጭማሪ ያደረገችው ያለ ምክንያት አይደለም። ግን ገጠር ያለችውን አዋላጅ ጠይቋት፦ ሌሊት ብቻዋን ናት፣ ጓንት አልቋል፣ የዲዩቲ ክፍያዋ ወራት ዘግይቷል፣ ዝውውር መቼ እንደሚደርሳት የሚነግራት የለም። ለእሷ መኖሪያ ቤት፣ ተተኪ ባልደረባና ቁርጥ ያለ የዝውውር ጊዜ ከጥቂት ጭማሪ በላይ ሊሆን ይችላል።

«ወደ ውጭ መሄድ ቢከለከል ያበቃል»

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀው፣ አገሮች የጤና ባለሙያ ከውጭ ስለሚቀጥሩበት መንገድ የሚናገር ደንብ የባለሙያውን የመሰደድ መብት ያከብራል። ጫናው ያረፈው በቀጣሪዎቹ አገሮች ላይ ነው፤ ከባድ እጥረት ካለበት አገር እየዞሩ እንዳይመለምሉ ያሳስባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ከባድ እጥረት ያለባቸው አገሮች ዝርዝር 55 አገሮች ነበሩ። ደንቡ ግን በፈቃደኝነት የሚከበር ነው፤ የሚጥሰውን አገር የሚቀጣ አንቀጽ የለውም።