«አውቶማቲክ ነው፣ ራሱ ይመርጣል»፦ ስለ ዋይፋይ ቻናል የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዋይፋይ ተንቀራፈፈ ተብዬ በሄድኩበት ሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መሣሪያው በስንተኛው ቻናል ላይ ይሠራል? መልሱ ተጠንቶ የመጣ ይመስል ምንጊዜም አይለወጥም፦ «እሱ አውቶማቲክ ነው፣ ራሱ ይመርጣል።» ከዚያ በኋላ የኢንተርኔት አቅራቢው ይወቀሳል፣ ኬብል ይነቀላል፣ ይሰካል፣ በመጨረሻም አዲስ ራውተር ይገዛል። አዲሱም ራውተር አውቶማቲክ ላይ እንደሆነ ይተዋል። ይህን አባባል ስሰማ ዓመታት አለፉ። ሰው በከንቱ ገንዘቡን ሲያወጣበት ማየት ስላንገፈገፈኝ ከነመሰሎቹ አንድ በአንድ ልመልሰው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ቻናል ማለት ራውተር የሚያሰራጭበት የሬዲዮ ሞገድ ክፍል ነው። ከዋይፋይ የሞገድ ክልሎች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ ያሉት ቻናሎች በግድግዳ የተለያዩ ክፍሎች አይደሉም። የቻናል 1 መሃል 2,412 ሜጋኸርዝ ነው፣ የቻናል 2 ደግሞ 2,417፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። አንድ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው መሣሪያ፤ በቤት ራውተር ውስጥም አለ) ሲያሰራጭ ግን ቢያንስ 20 ሜጋኸርዝ ያህል ስፋት ይይዛል። ቁጥሩ ቢለያይም ጎረቤታሞቹ ቻናሎች እርስ በርሳቸው ይደራረባሉ። ሳይነካኩ አብረው ሊኖሩ የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 ናቸው።

«አውቶማቲክ ማለት መሣሪያው ሌት ተቀን እየተከታተለ ምርጡን ቻናል ይይዛል ማለት ነው»

እኔን የሚያበሳጨኝ ዋናው ይህ ነው። ብዙ መሣሪያዎች ቻናል የሚመርጡት ሲበሩ ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ለጥቂት ሰከንዶች በየቻናሉ ያዳምጣሉ፣ በዚያች ቅጽበት የተሻለ የመሰላቸውን ይይዛሉ፣ ከዚያ እስኪጠፉ ድረስ እዚያው ናቸው። ራውተሩ የበራው ጎረቤት ሁሉ ተኝቶ ሳለ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ምርጫው የዚያ ሰዓት ምርጫ ነው። ስድስት ወር ሳይጠፋ ከቆየ፣ የዛሬ ስድስት ወር በነበረው ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ ነው የሚሠራው።

«ታዲያ ለምን እየሠራ አያዳምጥም?» ይሉኛል። አንድ ሬዲዮ በአንድ ጊዜ በአንድ ቻናል ላይ ብቻ ነው መሆን የሚችለው። ሌላውን ቻናል ለማዳመጥ ተጠቃሚዎቹን ለአፍታ ትቶ መሄድ አለበት። ያች አፍታ በሺህኛ የሰከንድ ክፍልፋዮች የምትለካ ብትሆንም በስልክ ውይይት ላይ ላለ ሰው የድምፅ መቆራረጥ ናት። ስለዚህ ብዙዎቹ ወይ ጭራሹን አያዳምጡም፣ ወይ ማንም በማይጠቀምበት ሰዓት ብቻ ያዳምጣሉ። ጸጥ ባለ ሰዓት የተለካ ጸጥታ ደግሞ ስለ ሥራ ሰዓት ምንም አይነግረንም። ለማዳመጥ ብቻ የተመደበ ተጨማሪ ሬዲዮ ያላቸው መሣሪያዎች አሉ፤ ነገር ግን ራውተራቸው አውቶማቲክ መሆኑን የሚነግሩኝ ሰዎች ቤት እነዚያን አላገኘኋቸውም።

የሚያዳምጥበት ቦታም ሌላ ጣጣ ነው። አክሰስ ፖይንቱ የሚሰማው ኮርኒስ ላይ፣ እሱ ባለበት ያለውን ነው። የእርስዎ ኮምፒውተር ያለው በመስኮቱ አጠገብ ነው፤ በዚያ መስኮት የሚገባውን የጎረቤት ሲግናል አክሰስ ፖይንቱ ላይሰማው ይችላል። «ቻናሉ ነጻ ነው» ብሎ መረጃ ሲልክልዎ እርስዎ ዘንድ ከጎረቤቱ ሲግናል ጋር ተጋጭቶ ይበላሻል። እሱ ደጋግሞ ይልካል፣ እርስዎ ገጹ አልከፈት ብሎ ይጠብቃሉ።

ሌላው ችግር የሚቆጥረው ነገር ነው። አንዳንዱ መሣሪያ በየቻናሉ ያሉትን የኔትወርክ ስሞች ቆጥሮ ስም ያነሰበትን ይመርጣል። ግን ማንም የማይጠቀምባቸው አምስት ኔትወርኮች፣ ቀኑን ሙሉ ምስል ከምትልክ አንዲት የጥበቃ ካሜራ ይልቅ አየሩን ያነሰ ይይዛሉ። መለካት ያለበት ቻናሉ ከመቶ ምን ያህሉን ጊዜ ተይዟል የሚለው ነው። ይህን የሚለኩ አሉ፤ የማይለኩም አሉ፤ ማስተካከያ ገጹ ላይ ግን ሁለቱም «አውቶ» ነው የሚባሉት።

የማልረሳውን አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። በባለ ሦስት ፎቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዘጠኝ አክሰስ ፖይንቶች ነበሩ። ቅሬታው ግራ የሚያጋባ ነበር፦ አንዳንድ ሳምንት ደህና ነው፣ አንዳንድ ሳምንት ኢሜይል እንኳ አይከፈትም። ገጹን ከፍቼ የቻናሉን ዓምድ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፦ 6፣ 6፣ 6፣ 11፣ 6፣ 6፣ 1፣ 6፣ 6። ከዘጠኙ ሰባቱ አንድ ቻናል ላይ ተሰብስበዋል። መብራት የጠፋበትን ቀን ጠየቅኩ። ችግሩ በጀመረ ቁጥር ከዋዜማው መብራት ጠፍቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መብራት ሲመለስ ዘጠኙም አንድ ላይ ይነሳሉ፣ አንድ ላይ ያዳምጣሉ። በማዳመጥ ላይ ሳሉ ደግሞ አንዳቸውም አያሰራጩም፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ድምፅ አይሰማም። የሚሰሙት የውጭ ጎረቤቶችን ብቻ ነው፤ ጎረቤቶቹ ደግሞ ለአብዛኞቹ ያው ናቸው። አንድ ዓይነት ነገር ሰምተው፣ አንድ ዓይነት ስሌት ሠርተው፣ አንድ ዓይነት መልስ ላይ ደረሱ። እያንዳንዱ ባዶ ነው ብሎ የያዘው ቻናል ከአፍታ በኋላ ሰባቱም የሰፈሩበት ሆነ።

ጉዳቱን አስሉት። አክሰስ ፖይንት «እዚህ አለሁ» የሚለውን መልዕክት በተለመደው አሠራር በየ102.4 ሚሊሰከንዱ ያሰራጫል፣ ለእያንዳንዱ የኔትወርክ ስም ለየብቻ። መልዕክቱ 250 ባይት ቢሆንና በዝቅተኛው ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 1 ሜጋቢት፣ ቢላክ ከ2 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል። እነዚያ መሣሪያዎች የሠራተኛ፣ የእንግዳና የካሜራ ብለው ሦስት ሦስት ስም ነበራቸው። ሰባት ጊዜ ሦስት ሃያ አንድ ነው። ሁሉም አንዱ ሌላውን በሚሰማበት ቦታ ከእያንዳንዱ 102 ሚሊሰከንድ ውስጥ ከ40 በላዩ «አለሁ፣ አለሁ» በማለት ብቻ ያልቃል፤ ገና ማንም አንድ ገጽ ሳይከፍት። ሰዎቹ ግን ተጨማሪ የኢንተርኔት ፍጥነት ለመግዛት ተስማምተው ነበር! ቻናሎቹን በእጅ 1፣ 6 እና 11 ብዬ ከፎቅ ፎቅ አፈራርቄ አስቀመጥኩ፣ ስሞቹን ወደ ሁለት ቀነስኩ፣ ዝቅተኛውን ፍጥነት ዘጋሁ። አዲስ ነገር አልተገዛም።

«1፣ 6 እና 11 ሞልተዋል፤ 3 ወይም 4 ላይ ማንም የለም፣ እዚያ ልሁን»

ይህ ስህተት ቁጥሩን አይተው ከሚያስቡ ጎበዞች የሚመጣ በመሆኑ የበለጠ ያሳዝነኛል። አንዳንድ አውቶማቲክ ምርጫም ራሱ ይሠራዋል። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ የዋይፋይ መሣሪያዎች አንዱ ሌላውን ይሰማል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ ንግግሩ አይደፈርስም። ቻናል 3 ላይ ሲሰፍሩ ግን 1 ላይ ያሉትም፣ 6 ላይ ያሉትም የእርስዎን ንግግር እንደ ንግግር አይለዩትም፤ ጫጫታ ነው። እርስዎም የእነርሱን አይለዩም።

ልዩነቱ በቁጥር ይታወቃል። የሲግናል ጥንካሬ የሚለካው በዲቢኤም ነው፤ ከዜሮ በታች ሲርቅ ሲግናሉ ደከመ ማለት ነው። በ20 ሜጋኸርዝ ስፋት አንድ መሣሪያ የሚረዳውን የዋይፋይ ሲግናል እስከ ሲቀነስ 82 ዲቢኤም ድረስ ቢደክምም ሰምቶ ቦታ እንዲለቅለት ደንቡ ያስገድደዋል። ላልገባው ጫጫታ ግን ዝም የሚለው ጫጫታው ሲቀነስ 62 ዲቢኤም ሲደርስ ነው። በመካከላቸው ያለው 20 ዴሲቤል በኃይል መቶ እጥፍ ነው። መቶ እጥፍ እስኪጠነክር ድረስ ሁለታችሁም በአንዱ ንግግር ላይ ሌላው ይናገራል። በተጨናነቀ ቻናል 6 ላይ ተራ መጠበቅ ይሻላል።

«ቻናል 13 ባዶ ነው፣ መሣሪያው ጥሩ አድርጎ መረጠ»

ባዶ የሆነበት ምክንያት አለው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ለመደበኛ አገልግሎት የሚውሉት እስከ 11 ያሉት ስለሆኑ ለዚያ ገበያ የተሠሩ ኮምፒውተሮች 12 እና 13ን ላያዩ ይችላሉ። አንዲት ደንበኛዬ ስልኳ የሚያየውን ኔትወርክ አዲሱ ኮምፒውተሯ ጭራሽ አላየው ብሎ ሁለት ጊዜ ወደ ሻጭ መልሳዋለች። ራውተሩ ራሱ መርጦ 13 ላይ ተቀምጦ ነበር። 11 ላይ ሳደርገው ኮምፒውተሩ ወዲያው አገኘው።

«5 ጊጋኸርዝ ላይ ከሆንኩ ቻናል አያሳስበኝም»

5 ጊጋኸርዝ ሌላው የዋይፋይ የሞገድ ክልል ነው። እዚያ ቦታው ሰፊ ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች በብዙ አገሮች ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው። ደንቡ ጥብቅ ነው፦ መሣሪያው ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ያዳምጣል፤ ራዳር የሚመስል ነገር ከሰማ በ10 ሰከንድ ውስጥ ይለቃል፤ ለ30 ደቂቃ ወደዚያ አይመለስም። በአውሮፓ የአየር ሁኔታ ራዳር በሚሠራበት ክፍል የማዳመጫው ጊዜ 10 ደቂቃ ይደርሳል። አውቶማቲክ ምርጫ ማንም የለም ብሎ እዚያ ይገባል። ከዚያ በስብሰባ መሃል ኔትወርኩ ድንገት ይሰወራል፤ ከደቂቃ በኋላ ይመለሳል፤ ምክንያቱን ማንም አያውቅም። እንዲህ ያለ አቤቱታ ከመጣልኝ መጀመሪያ የመሣሪያውን የክስተት መዝገብ ከፍቼ ራዳር የሚለውን ቃል ነው የምፈልገው። መቆራረጥ የማይታገሡ ከሆነ ከ36 እስከ 48 ባሉት፣ ወይም አገሩ ከፈቀደ ከ149 ጀምሮ ባሉት ይቀመጡ። አንዳንድ ቴሌቪዥኖችና የቆዩ ስልኮችም እነዚያን የራዳር ቻናሎች አያዩም።

ትንንሾቹን በአጭሩ ልለፋቸው።

«አጥፍቼ ሳበራው ይስተካከላል፤ ስለዚህ መሣሪያው ተበላሽቷል።» አልተበላሸም፤ እንደገና እንዲመርጥ አስገደዱት፣ በአጋጣሚም የተሻለ ደረሰው። ነገ ደግሞ የባሰው ሊደርሰው ይችላል።

«በ2.4 ላይ ስፋቱን 40 ሜጋኸርዝ ባደርገው ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል።» ጎረቤት በሌለበት ምድረ በዳ ላይ ይሆን ይሆናል። ጎረቤት ባለበት ግን ከሦስቱ ነጻ ቦታዎች ሁለቱን ይወስዳሉ፣ የሚሰሙት ጫጫታም እጥፍ ይሆናል። 20 ላይ ይተዉት።

«የስርጭት ኃይሉን ከፍ ካደረግኩ ጎረቤቴን አሸንፈዋለሁ።» ስልክዎ ኃይሉ አልጨመረም። አክሰስ ፖይንቱን እሱ ይሰማዋል፤ አክሰስ ፖይንቱ ግን እሱን አይሰማውም።

«የስልኬ መቃኛ ምንም አያሳይም፣ አየሩ ንጹሕ ነው።» መቃኛው፣ ማለትም በአካባቢው ያሉ ኔትወርኮችን የሚዘረዝረው መተግበሪያ፣ የሚያሳየው ዋይፋይን ብቻ ነው። ማይክሮዌቭ ምድጃ በ2,450 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል፤ የኔትወርክ ስም ግን ስለሌለው መቃኛው ላይ አይታይም።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለኝ፦ መቃኛውን ይዘው አክሰስ ፖይንቱ ሥር አይቁሙ፤ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ይሂዱ። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ይለኩ፤ በተለያየ ቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ። ከ1፣ 6 እና 11 መካከል የጎረቤት ሲግናል ደካማ የሆነበትን ይምረጡ፤ የስሞቹን ብዛት ሳይሆን ጥንካሬያቸውን ይመልከቱ። ከአንድ በላይ አክሰስ ፖይንት ካለዎት የሚቀራረቡትን አንድ ቻናል ላይ አያድርጉ፤ ባለ ፎቅ ከሆነ ላይና ታችም ይቀራረባሉ። ብዙ መሣሪያ በአንድ ማዕከል የሚያስተዳድር ሥርዓት ካለዎት አውቶማቲኩን ይጠቀሙበት፤ መሣሪያዎቹ የሰሙትን አንድ ቦታ አምጥቶ ስለሚያመዛዝን ለብቻው ከሚወስን ራውተር ይለያል። እዚያም ቢሆን የሚመርጥባቸውን ቻናሎች ይገድቡ፣ ለውጡም በሌሊት እንዲሆን ያድርጉ፤ ቻናል ሲቀየር ማስታወቂያውን የማይሰሙ የቆዩ መሣሪያዎች ከኔትወርኩ ይወድቃሉ።

አውቶማቲክ ላይ መተው ግድ ከሆነ ደግሞ መብራት በተመለሰ ቁጥር አክሰስ ፖይንቶቹን በየሁለት ደቂቃው አንድ አንድ እያደረጉ ያስነሷቸው፤ የሚከተለው የቀደመውን ይሰማዋል። በእጅ የመረጡትን ደግሞ ወረቀት ላይ ከነቀኑ ጽፈው ካቢኔው በር ላይ ይለጥፉት። በዚያ ባለ ዘጠኝ አክሰስ ፖይንት መሥሪያ ቤት የለጠፍኩት ወረቀት ከአራት ወር በኋላ ሁለት መስመሮቹ በእስክሪብቶ ተሰርዘው አዲስ ቁጥር ተጽፎባቸው ነበር። ከጎን ያለው ሕንፃ ተከራይ ገብቶበት ኖሮ ኃላፊው መስኮቶቹ አጠገብ ዳግም ለክቶ ከ1 ወደ 11 አዛውሯቸዋል፤ ስልክ እንኳ አልደወለልኝም።