የሲኒማ ካሜራ ፓኬጅ ምንድን ነው? ኪሱ ላልሞላ የጎንደር ፊልም ቀራጭ

«ምን ካሜራ ልግዛ?» ጎንደር ውስጥ ፊልም ልሥራ ብሎ የተነሳ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። መልስ ሰጪም አይጠፋም። አንዱ ሶኒ ይላል፣ አንዱ ብላክማጂክ ይላል፣ አንዱ ደግሞ «ስልክህስ ምን አነሰው?» ይላል። ከምር ግን ጥያቄው ጎደሎ ነው። ቦዲ (ሌንስ የሌለውን የካሜራ አካል) ገዝቶ ሌንስ ያጣ፣ ሌንስ አግኝቶ ሜሞሪ ያነሰው፣ ሁሉ ተሟልቶለት ባትሪው ከምሳ በፊት የሚያልቅበት ሰው ስንት አለ።

መጠየቅ ያለበት ስለ ፓኬጁ ነው። ፓኬጅ የሚባለው አንድ የቀረጻ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሳይቋረጥ እንዲያልቅ፣ የተቀረጸውም በደህና ኤዲት ጠረጴዛ ላይ እንዲደርስ የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ነው። ቦዲ አለ፣ ሌንስ አለ፣ ፊልተር፣ ሜሞሪ፣ ባትሪ፣ ትራይፖድ፣ ማይክ፣ ሀርድ ዲስክ አለ። ሱቅ ላይ «ከነፓኬጁ» ተብሎ የሚሸጠው ሌላ ነው። እሱ ቦዲ፣ አንድ ርካሽ ሌንስ፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ ሜሞሪና ቦርሳ ነው። ቦርሳው ያምራል። ለፊልም ግን አይበቃም።

የኔን ፍርድ አስቀድሜ ልናገር። ካላችሁ ብር ከግማሽ በላዩ ለቦዲ ከሄደ በዝቷል። ሰው ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ብሩን ሁሉ ቦዲው ላይ ያፈስና ለትራይፖድ ሲደርስ ኪሱን ይዳብሳል። አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ፣ ኋላ እንዳይመጣ ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባል የለ!

መጀመሪያ ግን ሲኒማ ካሜራ ከሌላው በምን ይለያል? በ4ኬ እንዳትሉኝ። ስልክም 4ኬ ይቀርጻል። ትልልቅ ፊልሞች የተሠሩበት አሪ አሌክሳ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ 4ኬ አልነበረም። ልዩነቱ ካሜራው ከብርሃኑ ምን ያህሉን መዝግቦ ያስቀምጣል የሚለው ነው። ተራ ቪዲዮ 8 ቢት ነው፤ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ይሰጣል። 10 ቢት 1,024፣ 12 ቢት ደግሞ 4,096 ይሰጣል። በዚያ ላይ ሎግ ወይም ሮው የሚባለው አቀራረጽ አለ። ምስሉ መጀመሪያ ሲታይ የደበዘዘ ይመስላል፤ ቀለሙን ኋላ ኤዲት ላይ የምታወጡት እናንተ ናችሁ።

ይህ ሁሉ ድሮ የሀብታም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ሲመጣ በፎቶ ካሜራ ሙሉ ኤችዲ መቅረጽ ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ብላክማጂክ፣ ፖኬት 4ኬ የተባለውን ካሜራ በ1,295 ዶላር አወጣ፤ ሮው መቅረጽ ለተራ ሰው ቀረበ። ለተራ ሰው ስል በዶላር ለሚያስብ ማለቴ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር ሲመታ ነገሩ ሌላ ነው። ለዚህም ነው ስለ ምርጫ በደንብ ማሰብ ያለብን።

አሁን ጥር 11 ቀን ታቦታቱ ከፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ወጥተው ወደ መንበራቸው ሲመለሱ አስቡ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ሕዝቡ ነጭ በነጭ ለብሷል። በወርቅ ክር የተጠለፈው ጥላ ያንጸባርቃል፤ ከጥላው ሥር ያለው የካህኑ ፊት ግን ጨለማ ውስጥ ነው። ዓይናችሁ ሁለቱንም ያያል። ካሜራው ግን አንዱን ምረጡ ይላችኋል። ለፊቱ ከከፈታችሁ ነጠላው እንደ ወረቀት ነጭ ሆኖ ሽመናው ይጠፋል። ለነጠላው ከዘጋችሁ ፊቱ ይጨልማል። ከጨለማው እስከ ብርሃኑ ካሜራው የሚይዘው ስፋት ዳይናሚክ ሬንጅ ይባላል። በስቶፕ ይለካል፤ አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው። ለፖኬት 4ኬ አምራቹ 13 ስቶፕ ይላል። በሥራ ላይ ጥላው ውስጥ ያለው ኖይዝ (እንደ አሸዋ የተነሰነሰ ነጠብጣብ) ስለሚበላው ያን ያህል አትጠብቁ። ቢሆንም ነጩን አድናችሁ ፊቱን ኋላ ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ። በ8 ቢት ይህን ብትሞክሩ ፊቱ ይሰነጣጠቃል፣ ሰማዩም እርከን እርከን ይሠራል።

እዚሁ ቦታ ላይ ፓኬጁ ይፈተናል። በጠራ የቀትር ፀሐይ የቆየ የፎቶ ሕግ አለ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/100 ሰከንድ፣ ሌንስ ኤፍ 16 (የቀዳዳው መጠን፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ከሆነ ትክክለኛ ብርሃን ታገኛላችሁ። እናንተ ግን በሰከንድ 25 ፍሬም ስለምትቀርጹ ሹተራችሁ 1/50 ነው፤ አንድ ስቶፕ በዛ። አይኤስኦ 400 ላይ ናችሁ፤ ሁለት ስቶፕ ጨመረ። ከጀርባ ያለው ሕዝብ ደብዘዝ እንዲል ሌንሱን ኤፍ 4 ላይ ከፈታችሁ፤ ሌላ አራት ስቶፕ። በድምሩ ሰባት ስቶፕ ትርፍ ብርሃን ነው። ይህን የሚመልሰው ሌንስ ፊት የሚታሰረው ጥቁር መስታወት፣ ኤንዲ ፊልተር ነው። ፖኬት 4ኬም ሶኒ ኤፍኤክስ30ም ውስጣቸው ኤንዲ የላቸውም። ስለዚህ እሱ የፓኬጁ አካል ነው፤ ብር ሲተርፍ የሚገዛ ጌጥ አይደለም። ርካሹ የሚዞረው ኤንዲ ሲጠብቅ ምስሉ ላይ ጥቁር መስቀል ያጠላል። ፖኬት 4ኬ ላይ ከባድ ኤንዲ ሲታሰር ደግሞ ኢንፍራሬዱ ሾልኮ ይገባና ጥቁር ካባ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ኢንፍራሬዱንም የሚያግድ ኤንዲ ፈልጉ።

የዚህ ተቃራኒው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ነው። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ከላይ ያዩአችኋል፤ ብርሃኑ ግን ትንሽ ነው። ለጥንት ሥዕል ኃይለኛ መብራት ስለማይበጅ ፈቃድ አግኝታችሁም ቢሆን ባለው ብርሃን ነው የምትሠሩት። ኤፍ 1.8 የሚከፍት ሌንስ እዚህ ዋጋውን ይመልሳል። ፖኬት 4ኬ ሁለት መነሻ አይኤስኦ አለው፤ 400 እና 3200። እስከ 1000 ድረስ በመጀመሪያው ይሠራል፣ ከ1250 ጀምሮ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ስለዚህ 1250 ላይ ያለው ምስል 1000 ላይ ካለው የጠራ ነው። ይህን ሳያውቅ 1000 ላይ ቆሞ ኖይዝ የሚያማርር ብዙ ነው።

ፒያሳ ካፌ ውስጥ ወይም ሱቅ ውስጥ ስትቀርጹ አምፖሉ ቢብለጨለጭ ካሜራውን አትርገሙ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። በ25 ፍሬም ሹተሩን 180 ዲግሪ (1/50 ሰከንድ ማለት ነው) አድርጉት፣ አለቀ። የግድ በ24 ከሆነ 172.8 ዲግሪ ይሁን፤ ያም 1/50 ነው።

ሜሞሪ ላይ ሂሳቡን እንሥራው፤ በጀት የሚፈርሰው እዚህ ነው። ፖኬት 4ኬ በሰከንድ 30 ፍሬም ሙሉ 4ኬ ሮው ሲቀርጽ፣ በጣም በታመቀው ምርጫ በሰከንድ 34 ሜጋባይት ይጽፋል። በሰዓት 122 ጊጋባይት ገደማ ነው። ላላ ባለው 5 ለ 1 ምርጫ ደግሞ በሰከንድ 81 ሜጋባይት፣ በሰዓት ወደ 290 ጊጋባይት። ለአጭር ፊልም አራት ሰዓት ቀረጻ ቢጠራቀም በመጀመሪያው ግማሽ ቴራባይት፣ በሁለተኛው ከአንድ ቴራባይት በላይ ይሆናል። ያንን ደግሞ ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ግድ ነው። አንድ ሀርድ ዲስክ ላይ ብቻ ያለ ፊልም ገና እንዳልተቀረጸ ቁጠሩት።

ሜሞሪ ስትገዙ ፊቱ ላይ ያለውን የቪ ቁጥር እዩ። ቪ30 የሚያረጋግጠው በሰከንድ 30 ሜጋባይት ነው፣ ቪ60 ደግሞ 60፣ ቪ90 ደግሞ 90። 81 የሚጽፍ ካሜራ ውስጥ ቪ30 ከከተታችሁ ቀረጻው መሀል ላይ ይቆማል፤ ተዋናዩ ያለቀሰው ሁሉ ባዶ ቀረ ማለት ነው። ፖኬት 4ኬ ላይ ደስ የሚለው በዩኤስቢ-ሲ ቀጥታ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ላይ መቅረጹ ነው። በጊጋባይት ሲሰላ ከፈጣን ሜሞሪ በጣም ይረክሳል። ገመዱ ግን እንዳይነቀል በደንብ ይታሰር።

ኮምፒውተራችሁም ከፓኬጁ ውጭ አይደለም። ኤፍኤክስ30 ፋይሉን በጣም አሳንሶ መቅረጽ ይችላል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ግን ያንን ሲከፍት ያቃስታል። ብላክማጂክ ሮው ፋይሉ ትልቅ ነው፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የኤዲት ፕሮግራም ላይ ግን ቀለል ብሎ ይሄዳል። በሁለቱም ቢሆን ፕሮክሲ (ቀለል ያለ ቅጂ) ሠርቶ ኤዲት ማድረግ ሥራውን ያቀልላችኋል።

ባትሪ ላይ አጭር ልበል። የፖኬት 4ኬ ትንሿ ባትሪ አንድ ሰዓት እንኳ አትሞላም። አምስት ስድስት ትናንሽ ከመሰብሰብ አንድ 98 ዋት-ሰዓት ትልቅ ባትሪ ይሻላል፤ ካሜራው ወደ 20 ዋት ገደማ ስለሚበላ አራት ሰዓት አካባቢ ይይዛል። መብራት ሲሄድም አትደነግጡም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የምታመጡት ከሆነ ሊቲየም ባትሪ ከእጅ ሻንጣ ጋር ነው የሚገባው፣ ከ100 ዋት-ሰዓት በታች ከሆነም ልዩ ፈቃድ አይጠየቅም።

ሌንስ ላይ የምመክረው ከኢንተርኔት ምክር ይለያል። ከመግዛታችሁ በፊት የከተማችሁን ሰርግ ቀራጮች ጠይቁ፤ እጃቸው ላይ ምን ሌንስ አለ? የካኖን ኢኤፍ ከበዛ እሱን የሚቀበል ካሜራ ያዙ። የሶኒ ከበዛ ወደ ሶኒ ሂዱ። እዚህ ሥራ የሚሄደው በመዋዋስ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ላይ ያለ ሌንስ ማክሰኞ ለእናንተ ሥራ ፈት ነው። ፖኬት 4ኬ የማይክሮ ፎር ተርድስ ማውንት (ሌንስ የሚገጠምበት አፍ) ስላለው በአዳፕተር የካኖኑን ይቀበላል። 0.71 የሚባለው አዳፕተር ምስሉን ሰፋ ከማድረጉም በላይ አንድ ስቶፕ ብርሃን ይጨምራል። ያለ እሱ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በዚህ ካሜራ ላይ እንደ 95 ሚሊ ሜትር ጠቦ ነው የሚያየው፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ግድግዳ ያስደግፋችኋል።

ድምፅስ? ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሳል፣ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገስም። የባጃጁ ጥሩንባ በማያባራበት ከተማ ደህና ቡም ማይክ (በረጅም ዘንግ የሚያዝ) እና የንፋስ መከላከያ ከሁለተኛ ሌንስ ይቀድማሉ። ፖኬት 4ኬ ለደህና ማይክ ትንሽ ኤክስኤልአር መግቢያ አለው። ኤፍኤክስ30 ላይ ግን ይህ የሚገኘው እጀታው ላይ ነው፤ ያለ እጀታው የሚሸጥም ስላለ ዋጋ ስታወዳድሩ እሱን እዩ።

እንግዲህ የቱ ይሻላል? ብቻውን እየሮጠ የሚቀርጽ፣ በሳምንት መጨረሻ ሰርግ ሠርቶ በሳምንቱ መካከል ዶክመንተሪ የሚሞክር ሰው ኤፍኤክስ30 ይያዝ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ነው፤ ፎከሱ ራሱ ይከተላል፣ የእጅ መንቀጥቀጥም ይቀንሳል። ስክሪፕት ይዞ፣ ተዋናይ አቁሞ፣ ትራይፖድ ተክሎ ለሚሠራ ግን ያገለገለ ፖኬት 4ኬ እመርጣለሁ። ፎከሱን በእጅ መጎተት ግድ ነው፤ እስክሪኑም ፀሐይ ላይ አይታይም። ጥቁር ጨርቅ ጭንቅላት ላይ መከናነብ ያስቃል፣ ግን ይሠራል። ብሩ ለሁለቱም ካልደረሰ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ፓናሶኒክ ጂኤች5 አለ፤ 10 ቢት ይቀርጻል፣ መንቀጥቀጥ ይቀንሳል፣ ፎከሱን ግን አትመኑት።

ሌላም መንገድ አለ። ሌንሱን፣ ትራይፖዱንና ማይኩን የራሳችሁ አድርጉና ቦዲውን ለቀረጻው ቀን ተከራዩ። ቦዲ ቶሎ ያረጃል፤ ጥሩ ትራይፖድ ሦስት ካሜራ ይሸኛል። ከአዲስ አበባ መከራየት ከሆነ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ የመንገዱ ቀንም እንዳይቆጠርባችሁ በቅድሚያ ተነጋገሩ።

ያገለገለ ስትገዙ በሻጩ ፊት ጊዜ ውሰዱ። የሌንሱን ክዳን ሳትከፍቱ አይኤስኦ 3200 ላይ ቅረጹና ጨለማው ውስጥ የሚያበሩ ነጠብጣቦች መኖራቸውን እዩ። ከዚያ ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ ዘግታችሁ ባዶ ሰማይ ቅረጹ፤ ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ዓይን) ላይ ያለ ጭረት ይወጣል። ሜሞሪው እስኪሞላ ያለማቋረጥ ይቅረጽ፤ ሙቀቱም መቆሙም ያኔ ይታወቃል። ኤችዲኤምአዩንና የማይክ መግቢያውን ሰክታችሁ ሞክሩ። ፖኬት 4ኬ ከሆነ ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ ቁልፍ ነበረ፤ የት አለ በሉ። በሁለት ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ቁልፍ ነው፤ ለብቻው 295 ዶላር ያወጣል። ሻጩ ለራሱ ካስቀረው ከዋጋው ላይ ይቀንስላችሁ።