እጩ ዳኛ ምንድን ነው?

በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ወንበር ክፍት በሆነ ቁጥር ያው ርዕስ ይመጣል፦ «ፕሬዝዳንቱ አዲስ ዳኛ ሾሙ»። አልሾሙም። አጩ እንጂ።

ቃሉ ራሱ ይናገራል እኮ! እጩ እና እጮኛ ሥራቸው አንድ ነው። የታጨ ሰው ገና አላገባም። ፕሬዝዳንቱ ያጫሉ፤ ሴኔቱ ይሁንታውን ይሰጣል ወይም ይከለክላል። ይሁንታው ከተገኘ በኋላ ፕሬዝዳንቱ የሹመቱን ደብዳቤ ይፈርማሉ። ጋብቻው ያኔ ነው የሚጸናው።

እጮኝነት ደግሞ ይፈርሳል። ሮበርት ቦርክ በ1987 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ58 ለ42 ድምፅ ወደቁ። ሜሪክ ጋርላንድ በመጋቢት 2016 ሲታጩ ግን «እሺ»ም «እምቢ»ም ያላቸው የለም። 293 ቀን ጠብቀው፣ ድምፅ ሳይሰጥባቸው እጩነታቸው አበቃ። ያን ጊዜ «ተሾሙ» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ወንበሩ ባዶ መቅረቱን ለአንባቢው እንዴት ያስረዳል?

«ሴኔቱ በፕሬዝዳንቱ ፓርቲ እጅ ከሆነ ያው አይደለም ወይ?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ያው አይደለም። በ2005 ሴኔቱም ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽም ሪፐብሊካን ነበሩ። ቡሽ ያጯቸውን ሃሪየት ማየርስን አጥብቀው የተቃወሙት ግን የራሳቸው ወገኖች ናቸው። እጩዋ ድምፅ ሳይሰጥ ራሳቸውን አገለሉ።

አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልችልም። ሴኔቱ እረፍት ላይ ሳለ ፕሬዝዳንቱ ለጊዜው መሾም ይችላሉ። ፕሬዝዳንት አይዘንሃወር ዳኛ ኧርል ዋረንን በ1953 በወንበሩ ያስቀመጧቸው እንዲህ ነው፤ ሴኔቱ ያጸደቀው በ1954 ነው። ጀርመን ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱን 16 ዳኞች ሁለቱ ምክር ቤቶች እኩል ተካፍለው፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጣሉ። እዚያ ፕሬዝዳንቱ «ሾሙ» ሲባል የተመረጠውን ሰው ሹመት ፈረሙ ማለት ነው።

ወደ አሜሪካ ልመለስና፣ ምሳሌዬ የሚያነክስበትም ቦታ አለ። ባልና ሚስት ይፋታሉ። ፕሬዝዳንቱ ግን የሾሙትን ዳኛ ማባረር አይችሉም። ዳኛውን ለማንሳት የተወካዮች ምክር ቤት መክሰስ፣ ሴኔቱም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ጥፋተኛ ማለት አለበት። ስለዚህ «እምቢ» ማለት የሚቻለው፣ በተግባር፣ በእጮኝነቱ ጊዜ ነው። ርዕሱ ግን «ተሾሙ» ይላል፤ አንባቢውም ያ ጊዜ ገና ሳይጀመር ያለፈ ይመስለዋል።