የመጀመሪያዎቹ 2 ደቂቃዎች፦ ስለ ፊልም መክፈቻ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፊልም የሚማር ልጅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዘው ሙሉ ፊልም ሳይሆን የ2 ደቂቃ መክፈቻ ነው። አጭር ስለሆነ ቀላል ይመስላል። እዚህ ሐዋሳ ከተማሪዎች ጋር ስክሪፕት ሳነብ፣ ቀረጻ ላይም አብሬያቸው ስቆም የታዘብኩት ግን ሌላ ነው። ልጆቹ ችሎታ አያንሳቸውም፤ የሚያደናቅፋቸው ስለ መክፈቻ አስቀድመው ይዘውት የሚመጡት እምነት ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«መክፈቻው ታሪኩን ማስረዳት አለበት»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ የብዙዎቹም እናት እሱ ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ የተራኪ ድምፅ ይመጣል፦ ልጁ አባቱን ሐይቅ ላይ አጣ፣ እናቱ ጉሊት ትቸረችራለች፣ እሱ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይመኛል። ተመልካቹ ሁሉን አወቀ። ከዚህ በኋላ ምን ብሎ ይቀመጥ?

መክፈቻ ተመልካቹን አንድ ጥያቄ ያስይዘዋል። አንድ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሰው ስለሚበላ ሻርክ የሚናገረው ፊልም «ጆውስ» ሲከፈት ሻርኩ አንዴም አይታይም። የምናየው ማታ ባሕር ውስጥ የምትዋኝ ወጣት ወደ ታች ስትሳብ ነው። ከውኃው ሥር ያለው ምንድን ነው? ይኼንን ለማወቅ ሰው ይጠብቃል።

ያንኑ አባቱን ያጣ ልጅ እንመልሰው። ትረካውን ሰርዙት። ቦታው ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል፣ ጊዜው ጠዋት ነው። ጀልባዎች አንድ በአንድ ይገባሉ፣ ቆሮሶ ዓሣው ይወርዳል፣ ሰው ይጯጯሃል። አንድ ልጅ ምሳ ዕቃ ታቅፎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጀልባ በገባ ቁጥር ይነሳል፣ አይቶ ይቀመጣል። የመጨረሻው ጀልባ ገባ፤ ሰዉ መበተን ጀመረ፤ ልጁ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። አንድም ቃል አልተነገረም፤ ተመልካቹ ግን «ማንን ነው የሚጠብቀው?» ብሏል። ምሳ ዕቃው የአባቱ መሆኑን በአሥረኛው ደቂቃ ብትነግሩት ይበቃል።

ካሜራ ከማንሳታችሁ በፊት ወረቀት ላይ «መክፈቻው ሲያልቅ ተመልካቹ … ብሎ ይጠይቃል» ብላችሁ ጻፉና ክፍቱን ሙሉት። መሙላት ካቃታችሁ ለቀረጻ አትውጡ።

«ታሪኩ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሳ ይጀምር»

የስልክ ማንቂያ ይጮሃል፣ እጅ ይዳብሳል፣ ጥርስ ይፋቃል፣ መስታወት ይታያል። ይሄንን ሁላችንም በየቀኑ ስለምናደርገው አዲስ ነገር አይነግረንም። ልማዱ ከሚሰበርበት ቅጽበት ጀምሩ። ልጁ ከእንቅልፉ ተነስቶ የእናቱን አልጋ ባዶ ካገኘው ያኔ መነሳቱ ትርጉም አለው።

«ሐይቁ ከታየ መክፈቻው አማረ»

ይሄ የሐዋሳ ልጅ ፈተና ነው፤ እኔም ይገባኛል። ፀሐይ ስትገባ ሐይቁ፣ ታቦር ተራራ፣ ዳር ላይ እንደ ሽማግሌ የቆመ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ። ውበቱን ማንም አይክድም፤ ግን ሰው እስኪገባበት ድረስ ፖስት ካርድ ነው። ከላይ በድሮን እናንሳው የሚሉም አሉ፤ ድሮን ያለ ፈቃድ እንደማይበር አትዘንጉ።

ይልቅ ብርሃኑን ለታሪኩ ተጠቀሙበት። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ጠዋት ካሜራችሁን ወደ ውኃው ብታዞሩ ፀሐይ ከጀርባችሁ ናት፤ ከጀልባ የሚወርደው ሰው ፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማታ እዚያው ብትቆሙ ፀሐይ የምትጠልቀው ሐይቁ ላይ ስለሆነ ያው ሰው ጥቁር ጥላ ይሆናል። ስለዚህ ሰዓት መምረጥ ታሪክ መምረጥ ነው። የሰውየውን ስሜት ልታሳዩ ከሆነ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተገኙ፤ ማንነቱን ልትደብቁ ከሆነ አመሻሹ ይሻላችኋል። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቶሎ ትጠልቃለች። የምሽቱን ዋና ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የሚቀርጸውን አንድ ምስል) አስቀድማችሁ ተለማምዳችሁት ጠብቁ እንጂ እዚያ ደርሳችሁ አትከራከሩ።

«ጥሩ ካሜራ ከሌለኝ አይሆንም»

ስልክ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ አስተውሉ፤ የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንት ያለበት ሱቅ ወይም መማሪያ ክፍል ስትቀርጹ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ሊንሸራተት ይችላል። ሸተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፍሬም (ነጠላ ምስል) ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ የሚያስመርጥ መተግበሪያ ጭናችሁ 1/50 ላይ፣ ቀረጻውንም በሴኮንድ 25 ፍሬም ላይ አድርጉት። መስመሩ ይጠፋል።

«ስዕል ስለማልችል ስቶሪቦርድ አልሠራም»

ስቶሪቦርድ ሾቶቹን በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ የምትነድፉበት ዕቅድ እንጂ የስዕል ፈተና አይደለም። ክብ ራስና አምስት መስመር ያለው ሰው ይበቃል። ወረቀቱ እንዲመልስላችሁ የምትፈልጉት ካሜራው ምን ያህል ቀርቧል? ሰውዬው ወዴት ያያል? ወዴት ይሄዳል? የሚለውን ነው። ከመናኸሪያ የተነሳ ባጃጅ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ቀረጻችሁት እንበል። ቀጥላችሁ አስፋልቱን ተሻግራችሁ ከማዶ ስታነሱት ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ቅንብር ላይ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ባጃጁ የተመለሰ ይመስላል። ወረቀት ላይ በቀስት ብታሳዩት ስህተቱን ከመውጣታችሁ በፊት ታዩት ነበር።

ቁጥሩንም የሚያሳያችሁ እሱ ነው። 2 ደቂቃ 120 ሴኮንድ ነው፤ አንዱ ሾት በአማካይ 5 ሴኮንድ ከቆየ 24 ሾት ያስፈልጋችኋል። አራት ልጆች በአንድ ጠዋት 24 ሾት በደንብ ማንሳት ይከብዳቸዋል። የትኛው እንደሚቀር ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ወስኑ፤ ፀሐዩ ከከረረ በኋላ የሚወሰን ውሳኔ አያምርም። እርሳስ ካስጠላችሁ ደግሞ ቦታው ድረስ ሄዳችሁ በስልክ ፎቶ አንሱና በቅደም ተከተል ደርድሩት።

«ስሜቱን ሙዚቃው ያመጣዋል»

ሥራችሁን መጀመሪያ ያለ ሙዚቃ እዩት። ካልያዛችሁ ዘፈን አያድነውም። አሞራ ገደል እንኳን ስንት ድምፅ አለ! መቅዘፊያው ውኃውን ሲመታ፣ ቢላ የዓሣ ቅርፊት ሲፍቅ፣ አባ ኮዳ መንቆሩን ሲያንቀጫቅጭ። ሁልጊዜ ቀረጻው ሲያልቅ ማንም ሳያወራ የቦታውን ድምፅ ለ1 ደቂቃ ቅዱ። ቅንብር ላይ ሾት ከሾት ስታጋጥሙ ድምፁ እንዳይቆራረጥ ከሥር የምትነጥፉት እሱን ነው። ያ ልጅ የመጨረሻውን ጀልባ ሲያይ ደግሞ ጫጫታውን ቀስ እያላችሁ አውርዱትና ውኃውን ብቻ ተዉት። ዋሽንት ከምታስገቡ ይሄ ይበልጣል።

«ከ30 ሴኮንድ በታች የሰው ዘፈን መጠቀም ይቻላል» የሚለውም ወሬ መሠረት የለውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንዲህ ያለ የሴኮንድ ነጻነት አይሰጥም። ክራር የሚመታ ጓደኛ ካላችሁ ለምኑት፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ያዙ።

«ስሞቹ መጀመሪያ ይለፉና ፊልሙ ይጀምር»

ስሞቹ ከታሪኩ ጋር አብረው መሄድ ይችላሉ። ጸጥ ባሉት ሾቶች ላይ አስቀምጧቸው፤ ጥያቄው በሚነሳበት ሾት ላይ ግን ምንም አትጻፉ፤ ዓይን ለፊደል ሲል ፊትን ያልፋል። ፊደላችን ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለ እና ሉ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው፤ በቀጭን ፊደል በሚንቀሳቀስ ውኃ ላይ ብትጽፉት ጭረቷ ትጠፋለች። ወፈር ያለ ፊደል ምረጡ፣ ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ ለማንበብ እስኪበቃ አቆዩት፣ መጨረሻ ላይም በትንሹ ስልክ ሞክሩት።

«ገበያው ክፍት ነው፤ ማንን እናስፈቅዳለን?»

ይሄ ያሳዝነኛል። ሰዎቹ እንጀራቸው ላይ ናቸው፤ ካሜራ ፊታቸው ላይ ሲደገን ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። ከቀረጻው አንድ ቀን ቀድማችሁ ያለ ካሜራ ሂዱ። የዓሣ ሾርባችሁን ጠጡ፣ ትልቅ ሰው ፈልጋችሁ «አባባ፣ ተማሪዎች ነን፣ ነገ ጠዋት እዚህ ልንቀርጽ እንፈልጋለን» በሉ፤ ታሪኩንም ንገሯቸው። መታየት የማይፈልግ ካለ በየት በኩል እንደሚቆም ያኔውኑ ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ የመጨረሻው ምን ያህል እንደሚዘገይ፣ ልጁ የሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ ጥላ መቼ እንደሚያርፍም የምታውቁት ያን ቀን ነው። ሰዓቶቹን ስቶሪቦርዱ ኅዳግ ላይ ጻፏቸው።