ዋጋቸው ያልተጻፈባቸው የሮም ግዛቶች የነሐስ ሳንቲሞች

በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ድንቢጦች የሚሸጡት በአምስት ሳንቲም ነው። ግሪክኛው ማቴዎስ ግን «አሳሪዮን» ይላል። አሳሪዮን በሮም ግዛት ምሥራቃዊ ከተሞች የነሐስ ዝርዝር መቁጠሪያ ነበር። ስሙም «አስ» ከተባለው የሮማውያን ሳንቲም የመጣ ነው።

ሮም ወርቁን ለራሷ ይዛ ዝርዝሩን ባብዛኛው ለየከተማው ትታው ነበር። ከ500 በላይ ከተሞች የየራሳቸውን ነሐስ አትመዋል። በምዕራቡ በኩል ልማዱ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቀረ። በምሥራቅ ግን እስከ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዘለቀ።

ግራ የሚያጋባው፣ አብዛኞቹ ላይ ዋጋቸው አለመጻፉ ነው። ገበያተኛው በስፋቱና በክብደቱ ይለየዋል። ምስሉም ይረዳዋል፤ በብዙ የእስያ ከተሞች ንጉሠ ነገሥቱ ትልልቁ ላይ፣ የከተማው ምክር ቤት ወይም ሕዝቡ በሰው መልክ ተመስሎ ትንንሹ ላይ ይወጣል። ኪዮስ ደሴት ግን ለየት ትላለች። የንጉሠ ነገሥት ፊት አታትምም፤ ስፊንክስ (የሰው ራስና የአንበሳ ገላ ያለው ፍጡር) በተቀረጸበት ሳንቲሟ ላይ «ሦስት አሳሪያ» (የአሳሪዮን ብዙ ቁጥር) ብላ በግልጽ ትጽፋለች። በዛሬዋ ቡልጋሪያ የነበረችው ማርኪያኖፖሊስ ደግሞ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ራሶች ባሉት ሳንቲሟ ጀርባ «ኤፕሲሎን» የተባለውን ፊደል ታስቀምጣለች። አምስት ማለት ነው። በነገራችን ላይ የእኛም ፭ የመጣችው ከዚያው የግሪክ ቁጥር ነው።

ዲናር ከተባለው የሮም የብር ሳንቲም ጋር ያለው ምንዛሪ ሌላ ጣጣ ነበረው። በሮም አንድ ዲናር 16 አስ ነው። በንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ዘመን በዛሬዋ ቱርክ በነበረችው በጴርጋሞን የነበረውን ሁኔታ የሚነግረን በድንጋይ የተቀረጸ ደብዳቤ ነው። ዝርዝር ይዞ ዲናር የሚፈልግ ቸርቻሪ ለመንዛሪው 18 አሳሪያ ይቆጥራል። ዲናሩን የሚዘረዝር ግን 17 ብቻ ይቀበላል። አንዷ አሳሪዮን መንዛሪው ኪስ ትገባለች። በዚህ ላይ ተጨማሪ ክፍያ ሲጠየቁ ነጋዴዎቹ እሮሯቸውን አሰሙ።

በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ብሩ በመዳብ እየተበረዘ ሲረክስ ነሐሱም ተናጋ። በዛሬዋ ቱርክ ጠረፍ ላይ በነበረችው በሲዴ፣ በንጉሠ ነገሥት ጋሊየኑስ ዘመን የታተመ ወፍራም ሳንቲም 11 የሚል ምልክት አለው። አንዳንዱን ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ፊቱ ላይ ሌላ ማኅተም ተመትቶበታል፤ ያው የአምስት ፊደል።